ከጎጃም እስከ ባሕር ማዶ በቢዝነስ ክላስ፦ ብዙ ማረፊያ ላለው ረጅም ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

የቢዝነስ ክላስ ትኬት ከኢኮኖሚው ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። በዋናነት የሚገዛው ሦስት ነገር ነው፤ ተዘርግቶ የሚያስተኛ ወንበር፣ ከፍ ያለ የሻንጣ መጠን፣ እንዲሁም በረራ ሲሰረዝ ወይም ሲያመልጥ ከሌላው ተሳፋሪ ቀድሞ መስተናገድ። ምግቡና ላውንጁ (ኤርፖርት ውስጥ ያለው የቢዝነስ መንገደኞች ማረፊያ አዳራሽ) ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ከጎጃም ለሚነሣ መንገደኛ ግን ጉዞው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ አይደለም። የሚበላሸው ከቤት እስከ ቦሌ ባለው መንገድ፣ አውሮፕላን በሚቀየርበት ጣቢያ፣ አለዚያም ትኬቱ ላይ በተሳሳተች አንዲት ፊደል ነው። ወንበሩ የቱንም ያህል ቢመች እነዚህን አያድንም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሰማዩ ይልቅ ምድሩ ላይ ይቆያል።

ለምሳሌ ያህል አንድ መስመር እንያዝ፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ዴንቨር። አራት በረራ፣ ሦስት መቀየሪያ።

የትኛው በረራ ቢዝነስ ይገባዋል?

ትኬት ቤት ከመሄድዎ በፊት ጉዞውን በወረቀት ላይ በረራ በበረራ ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ የትኛው የአውሮፕላን ዓይነት እንደሚበር ይጻፉ። ከስድስት ሰዓት የሚበልጥና በሌሊት የሚበር ከሆነ ለቢዝነስ የሚከፈለው ገንዘብ ዋጋውን ያወጣል፤ እንቅልፍ ይገዛልና። በምሳሌያችን ከስድስት ሰዓት የሚበልጡት ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርትና ከፍራንክፈርት ዋሽንግተን ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ በአብዛኛው ሌሊት የሚበረው ግን የመጀመሪያው ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ወንበሩ ምንም ቢሆን ግድ የለም። ከዋሽንግተን ዴንቨር ያለው አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ «ፈርስት» የሚባለው ወንበር በአብዛኛው ሰፋ ብሎ ወደ ኋላ ዘንበል የሚል እንጂ የሚያስተኛ አይደለም።

ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ የሌሊቱን ረጅም በረራ በቢዝነስ፣ የቀኑን በኢኮኖሚ አድርጎ አንድ ላይ መግዛት ይቻላል። የትኬት ሠራተኛው ሳይጠየቅ ስለማያነሣው እርስዎ ይጠይቁ።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ድረ ገጽ ላይ «ቢዝነስ» ተብሎ የታየ ጉዞ ውስጥ አንዱ በረራ ኢኮኖሚ ሊሆን ይችላል፤ ድረ ገጾች ብዙዎቹ በረራዎች ቢዝነስ ከሆኑ ሙሉውን ጉዞ በዚያ ስም ይጠሩታል። ዋጋው ከሌላው በጣም የረከሰ ሆኖ ሲያገኙት መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህንን ይሁን። የእያንዳንዱን በረራ ማዕረግ ለየብቻ ከፍተው ይዩ።

ስለ መስመር አንድ ነገር እዚህ ላይ ማወቅ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱ ቀጥታ የሚባሉ በረራዎች መሀል ላይ ለነዳጅ የሚያርፉት፣ ሲመለሱ ግን ሳያርፉ የሚመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚያነሡት ክብደት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣት አይችልም። ወደ ምዕራብ ሲበርም ነፋሱ ይቃወመዋል። ከዋሽንግተን ሲነሣ ግን ከባሕር ወለል ብዙም የማይርቅ ከፍታ ላይ ሆኖ ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋሱንም ከኋላ አድርጎ በ13 ሰዓት ያህል አዲስ አበባ ይገባል። እንዲህ ባለ የነዳጅ ማረፊያ መንገደኛው ከወንበሩ አይነሣም፤ አውሮፕላንም አይቀይርም። አንድ ሰው አውሮፕላን መቀየር ከከበደው፣ በተለይም አረጋውያን ወላጆችን የምትልኩ ልጆች፣ ከርካሹ ባለ ሦስት መቀየሪያ መስመር ይልቅ ይህን ምረጡ።

ትኬቱን መግዛት

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ይህ ነው፤ ከባሕር ዳር እስከ መጨረሻው ከተማ በአንድ ትኬት ይግዙ። ብዙ ሰው የውጭውን ትኬት ከአዲስ አበባ ገዝቶ የባሕር ዳሩን ለብቻው ይጨምራል። ላይ ላዩን ሲታይ ልዩነት የለውም፤ ሲበላሽ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንድ ትኬት ከሆነ የባሕር ዳሩ በረራ ዘግይቶ የፍራንክፈርቱ ቢያመልጥዎ በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ሁለት ትኬት ከሆነ ለሁለተኛው አየር መንገድ እርስዎ የቀረ መንገደኛ ነዎት፤ ትኬቱም ሊቃጠል ይችላል። የሻንጣውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ለብቻው የተገዛ የአገር ውስጥ ትኬት የሚፈቅደው ኪሎ ከቢዝነስ ክላሱ በጣም ያንሳል፤ ባሕር ዳር ላይ ለትርፉ ይከፍላሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አደገኛ ስሕተት አለ። ትኬቱ ከባሕር ዳር ይጀምራል፤ መንገደኛው ግን ሐሳቡን ቀይሮ በመኪና አዲስ አበባ ይገባና ከቦሌ ልሳፈር ይላል። አይሆንም። የመጀመሪያው በረራ ላይ ያልተገኘ ሰው የቀሩት በረራዎች በሙሉ፣ መመለሻውን ጨምሮ፣ በሲስተሙ ይሰረዙበታል። በመኪና ለመሄድ ከወሰኑ በረራው ከመነሣቱ በፊት አየር መንገዱ ዘንድ ደውለው ወይም ቢሮ ሄደው የባሕር ዳሩን ክፍል ያስወጡ፤ የተስተካከለውንም ትኬት ይቀበሉ። ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቦሌ ላይ ትኬት አልባ ከመሆን ግን እጅግ ይሻላል።

ሲገዙ በቅደም ተከተል የሚያረጋግጧቸው እነሆ፦

1. ስም። ትኬቱ ላይ ያለው ስም በፓስፖርቱ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። «ጸሐይ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል፤ ፓስፖርቱን እያዩ እንጂ በጆሮ ሰምተው አያስጽፉ። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ምን እንደሚገባም ከፓስፖርቱ ላይ ይመልከቱ።

2. ቁጥሮች። የቦታ ማስያዣው ስድስት ፊደልና ቁጥር ነው፤ ይህ ብቻውን ቦታ ተይዟል ማለት እንጂ ተከፍሏል ማለት አይደለም። የተቆረጠ ትኬት 13 አሃዝ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። 13ቱ አሃዝ ካልመጣልዎ ትኬት የለዎትም።

3. የለውጥ ደንብ። ቢዝነስ ክላስ ውስጥም ርካሽና ውድ ዋጋ አለ፤ ርካሹ ቀን ለመቀየር ያስከፍላል፣ ገንዘብም ላይመልስ ይችላል። «ቀን ብቀይር ስንት? ብሰርዝ ስንት? ብቀርስ?» ብለው ሦስቱንም ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።

4. የከፈለው ሰው ካርድ። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በካርዱ ከከፈለ አንዳንድ አየር መንገዶች ሲሳፈሩ ካርዱን አሳዩ ይላሉ። ካርዱ ዴንቨር፣ እርስዎ ባሕር ዳር ከሆናችሁ ከባድ ነው። ከፋዩ ከጉዞው ቀናት አስቀድሞ በሚኖርበት አገር የአየር መንገዱ ቢሮ በኩል እንዲያረጋግጥ ያድርጉ።

በመጨረሻም ትኬቱን በወረቀት ያትሙ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ስልክ ላይ ያለ ትኬት አስተማማኝ አይደለም። ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ከፓስፖርቱ ጋር፣ ሌላው በቤት።

ሰዓትና ቀን

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ያልተማረ ሰው ብቻ አይደለም። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጆች ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ በየከተማው ሰዓት ነው። ትኬቱ «ማርች 15፣ 00:40» ካለ በእኛ ከሌሊቱ 6:40፣ ለመጋቢት 6 አጥቢያ ማለት ነው። በእኛ ልማድ ያ ሌሊት ገና የመጋቢት 5 ሌሊት ነው። ስለዚህ መጋቢት 5 ቀን ከምሽቱ 3:40 ላይ ቦሌ መገኘት አለብዎ። «በ6 ነው የምሄደው» ብሎ መጋቢት 6 ማታ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ከ00:00 እስከ 05:59 የሚነሣ በረራ ሲያዩ ቀኑን አንድ ይቀንሱና «ቦሌ የምገባበት ምሽት» ብለው ይጻፉ። ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ በረራ ጎን በአማርኛ ቀኑን፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለውን ያስፍሩ። ለቤተሰብም የሚነግሩት ይኸው ይሁን።

ቪዛው የሚጠየቀው በሚሄዱበት አገር ብቻ አይደለም

ቢዝነስ ክላስ ትኬት ከቪዛ ሕግ አያስመልጥም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች (የጋራ ቪዛ ባላቸው አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነፃ ነው፤ በምሳሌያችን የአሜሪካ ቪዛ ያለው መንገደኛ ፍራንክፈርት ላይ የሚቸገረው ለዚህ አይሆንም። ልብ ይበሉ፤ ይህ የሚሠራው ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ነው። ሻንጣ ለመቀበል ወይም ሆቴል ለማደር መውጣት ካለብዎ የመግቢያ ቪዛ ያስፈልጋል። ሁለት የተለያየ ትኬት መግዛት የሚጎዳበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው፤ ሻንጣውን ወጥተው ተቀብለው እንደገና ማስረከብ ሊያስፈልግ ይችላል።

እንግሊዝም ለኢትዮጵያውያን የትራንዚት ቪዛ ትጠይቃለች፤ የራሷ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎች ግን አሏት። አሜሪካ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይገቡ ማለፍ የሚባል ነገር የላትም፤ ወደ ሜክሲኮ ለማለፍ እንኳ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልጋል።

ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን። ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አንዳንድ የእስያ አገሮች የሚሄዱ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዙ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በጉዞው ዋዜማ የተወጋ ሰው ካርድ ይዞም ሊመለስ ይችላል።

ወንበር መምረጥ

«ቢዝነስ» የሚለው ስም አንድ ዓይነት ወንበር ማለት አይደለም። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው 180 ዲግሪ ተዘርግቶ እንደ አልጋ የሚሆን ነው። ሁለተኛው ተዘርግቶም ወደ እግር ዘቅዘቅ የሚል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ያንሸራትታል። ሦስተኛው አጭር መስመር በሚበሩ ባለ አንድ መተላለፊያ አውሮፕላኖች ላይ ያለው፣ ሰፊ ሆኖ ዘንበል ብቻ የሚለው ነው። በአውሮፕላኑ ዓይነት ስም የወንበሩን ካርታ ፈልገው ይዩ፤ አለዚያ ሠራተኛውን «እንደ አልጋ ለጥ ብሎ ይዘረጋል ወይ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ።

ከዚያ አቀማመጡን ይመልከቱ። በአንድ ረድፍ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ሆነው የተቀመጡ ከሆነ ሁሉም ሰው ወደ መተላለፊያው በቀጥታ ይወጣል። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ከሆነ በመስኮት በኩል ያለው ሰው ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ የተኛ ጎረቤቱን መሻገር አለበት። ብቻዎን ከሆኑ ከመሀለኛው ጥንድ አንዱን ይያዙ፤ እርስዎም ማንንም አይሻገሩ፣ እርስዎንም ማንም አይሻገርዎ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ የመስኮቱ ጥንድ ይመቻል። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት በሆነ አውሮፕላን ከሦስቱ የመሀለኛውን በምንም ዋጋ አይቀበሉ። ከወጥ ቤቱና ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለውን የመጨረሻ ረድፍም ይተዉ፤ መብራትና ኮቴ አያስተኛም። የመጀመሪያው ረድፍ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ስላለው ለእግር ሰፋ ይላል፤ የሕፃን አልጋ የሚሰቀለውም እዚያ ስለሆነ የልጅ ለቅሶ ሊኖር ይችላል።

ወንበሩን ትኬቱ በተቆረጠ ዕለት ያስይዙ፤ ከሳምንት በፊትም እንደገና ያረጋግጡ። አውሮፕላኑ በሌላ ሲተካ የተያዘው ወንበር ሊበተን ይችላል።

በዚያው ዕለት ምግቡን ያስመዝግቡ። በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው የሥጋም የወተትም ተዋጽኦ የሌለበትን «ቬጋን» የሚባለውን ምግብ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ማዘዝ አለበት፤ «ቬጀቴሪያን» ብቻ ካሉ አይብና እንቁላል ሊመጣ ይችላል። ትዕዛዙ ለእያንዳንዱ በረራና ለእያንዳንዱ አየር መንገድ ለየብቻ መመዝገቡን ይዩ። ረጅም መንገድ መሄድ ለሚከብዳቸው አረጋውያን ዊልቸርም በዚሁ ጊዜ ይታዘዛል፤ ክፍያ የለውም። የሚገፋው ሠራተኛ ከበር እስከ በር ስለሚያደርስ ትልልቅ ኤርፖርት ውስጥ መንገድ ከመጥፋት ያድናል።

ሻንጣ

የተፈቀደውን ትኬቱ ላይ ያንብቡ፤ በብዙ አየር መንገዶች ለቢዝነስ እያንዳንዳቸው እስከ 32 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ በላይ ከሆነ በገንዘብም አይታለፍም፤ ተሸካሚ ሠራተኞችን ለመጠበቅ የወጣ ጣሪያ ነው። ባዶው ሻንጣ ራሱ አራትና አምስት ኪሎ ይመዝናል። የቤትና የኤርፖርት ሚዛን ስለሚለያይ በ30 ኪሎ ያቁሙ።

ከጎጃም የሚሄድ ሻንጣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽሮ፣ ያለ ማር አይሄድምና ስለዚህ በዝርዝር እንበል።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮና በሶ በእጅ ሻንጣ አይግቡ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ከያዙ ተጨማሪ ፍተሻ አለው፤ ካልጠራም ይወሰዳል። በሁለት ወፍራም ፌስታል አሽገው፣ አየሩን አስወጥተው፣ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጽፈው በሚጫነው ሻንጣ ያስገቡ። ማር በፍተሻ ሕግ ፈሳሽ ነው፤ በእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በሚጫነው ሻንጣ ሲያደርጉት ክዳኑ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ዕቃ ይጠቀሙ፤ አፉን በላስቲክ ይሸፍኑ፣ ከዚያ ክዳኑን ይግጠሙ፣ በፌስታል ያስሩ፣ በልብስ መሀል ያስቀምጡ።

ቋንጣ ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮችም አይገባም። ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት ክልክል ነው። ማር ወደ አውሮፓ እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። አሜሪካ ሲደርሱ ማንኛውንም ምግብ በቅጹ ወይም በቃል ያስመዝግቡ፤ ያስመዘገበ ሰው ቢከፋ ዕቃው ይወሰድበታል፣ የደበቀ ግን ይቀጣል። የቤት አረቄ ይቅር። ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ እስከ አምስት ሊትር የሚፈቀደው ከፋብሪካ እንደታሸገ ሲሆን ብቻ ነው፤ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ ዳግም አረቄ ይህን አያሟላም።

የስልክ ባትሪ መሙያ ባትሪዎች፣ ፓወር ባንክ የሚባሉት፣ በተቃራኒው በእጅ እንጂ በሚጫነው አይሄዱም። ልኩ 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓቱ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ያልፋል።

ወርቅ፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ሰነድ በእጅ ሻንጣ። አንድ ቅያሪ ልብስም ይጨምሩ።

ከቤት እስከ ቦሌ

ከዳንግላ፣ ከእንጅባራ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ ለሚነሣ ሰው ባሕር ዳር ይቀርባል። ለደብረ ማርቆስ ሰው ግን ነገሩ እኩል ለእኩል ነው፤ ወደ ባሕር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ አዲስ አበባ 300 ያህል። አዲስ አበባ ቅርብ ይምሰል እንጂ መሀል የዓባይ በረሃ አለ፤ ከደጀን ወደ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት። በክረምት ናዳ፣ በማንኛውም ወቅት የተበላሸ ከባድ መኪና መንገዱን ለሰዓታት ሊይዝ ይችላል። በመኪና የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ የሚያድረው በበረራው ዋዜማ ሳይሆን ከዋዜማው በፊት ይሁን። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ከመነሣቱ በፊት በዚያው ዕለት ከመጡ ሾፌሮች ይጠይቅ።

ከባሕር ዳር የሚበሩ ከሆነ የቀኑን የመጨረሻ በረራ አይያዙ። እሱ ከተሰረዘ የሚተካው የለም። ከዚያ በፊት ያለውን ይያዙ፤ ቦሌ ላይ አምስትና ስድስት ሰዓት ይጠብቁ፤ ላውንጅ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ሻንጣ ሲያስረክቡ ሠራተኛው የሚለጥፈውን ታግ ያንብቡ። በትልቁ የተጻፈው የመጨረሻው ከተማ ምልክት መሆን አለበት፤ የአዲስ አበባ፣ «ኤ ዲ ዲ»፣ ብቻ ከሆነ ቦሌ ላይ ተቀብለው እንደገና ማስረከብ አለብዎ ማለት ነው። ቅድሚያ የሚሰጥ የቢዝነስ ታግም ይጠይቁ። ትንሿን ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጀርባ ሳይሆን ከትኬቱ ወረቀት ጋር ያያይዙ፤ ፓስፖርት ብዙ እጅ ስለሚያልፍ ትወድቃለች።

መቀየሪያ ጣቢያዎችና ላውንጅ

አውሮፕላን መቀየሪያ ላይ ከሁለት ሰዓት በታች አይቀበሉ፤ በጉዞው አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በሚያርፉበት ኤርፖርት ደግሞ ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ሻንጣው እስከ ዴንቨር ታግ ቢለጠፍለትም ዋሽንግተን ላይ ኢሚግሬሽን አልፈው፣ ሻንጣውን ከቀበቶው አንሥተው፣ ጉምሩክ አሳይተው፣ እንደገና ማስረከቢያው ላይ ይጥሉታል። «እስከ ዴንቨር ነው የላክሁት» ብሎ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ሻንጣ እዚያው ይቀራል።

ላውንጅ ሲገቡ መጀመሪያ ወደ ምግቡ አይሂዱ። ሻወር ካለ ይመዝገቡ፤ ወረፋ አለው። ከዚያ የበረራ ሰሌዳውን አይተው በሩ ቁጥር ስንት እንደሆነና በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚርቅ ይጠይቁ። በብዙ ላውንጆች በረራ በድምፅ አይጠራም፤ ጠጥተው ያንቀላፉ መንገደኞች የሚቀሩት ለዚህ ነው። ከመነሻው 60 ደቂቃ በፊት የስልክዎን ማንቂያ ይሙሉ፤ በደረሱበት ከተማ ሰዓት ይሁን። ለሌሊት በረራ ራትዎን ላውንጅ ውስጥ ይብሉ፤ ከተነሡ በኋላ ምግብ ጠብቀው ሁለት ሰዓት ካባከኑ ከሰባት ሰዓቱ በረራ የሚቀረው እንቅልፍ ጥቂት ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ

እንደተቀመጡ የወንበሩን ቁልፎች ይሞክሩ፤ ካልሠራ ከመነሣቱ በፊት ቢናገሩ ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆናል። ሲተኙ የደኅንነት ቀበቶውን ከብርድ ልብሱ በላይ ያስሩ፤ አለዚያ አውሮፕላኑ በተናወጠ ቁጥር አስተናጋጇ ለማየት ትቀሰቅስዎታለች። ስልክዎ በወንበሩ ስንጥቅ ከገባ ወንበሩን በፍጹም አያንቀሳቅሱ። ሞተሩ ስልኩን ከጨፈለቀው ባትሪው እሳት ያነሣል። አስተናጋጅ ይጥሩ።

ስለ አየሩ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። በአዳዲሶቹ ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1800 ሜትር ከፍታ ጋር እኩል ነው፤ የባሕር ዳር ከፍታ ማለት ነው። በቆዩት አውሮፕላኖች እስከ 2400 ይደርሳል፤ ይህም ደብረ ማርቆስ ነው። ስለዚህ የጎጃም ሰው የከፍታው ነገር እንደ ቆላ ሰው አይከብደውም። የሚጎዳው ድርቀቱ ነው። በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፤ አልኮልና ቡና ይቀንሱ። አልጋ ቢኖርም በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፤ ረጅም መቀመጥ በእግር ሥር ደም ያረጋል። ከዚህ በፊት የደም መርጋት የነበረበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይም በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክር።

ሲበላሽ

በረራ ካመለጠ ወይም ከተሰረዘ በኢኮኖሚው ሰልፍ አይቁሙ። ወደ ላውንጁ መስተንግዶ ይሂዱ፤ እዚያ ያሉት ሠራተኞች በብዙ ቦታ ትኬት መቀየር ይችላሉ፤ ሰልፍም የለም። ሲነጋገሩ «በአንድ ትኬት ነው የምጓዘው» ብለው 13ቱን አሃዝ ያሳዩ። አዲሱ በረራ በቢዝነስ መሆኑን፣ ሻንጣውም መዛወሩን ሳያረጋግጡ አይነሡ።

ወንበር ጠፍቶ ወደ ኢኮኖሚ ካወረዱዎት የመሳፈሪያ ወረቀቱን ይያዙ፤ የዋጋ ልዩነቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ጉዞዎ ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ጀርመን ልጆችዎ ዘንድ ሰንብተው ከፍራንክፈርት ወደ አገር ቤት ትኬት ከቆረጡ፣ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ከ3500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ በረራ ዝቅ ያደረገ አየር መንገድ የዚያን በረራ ዋጋ 75 በመቶ በሰባት ቀን ውስጥ ይመልሳል። ትኬቱ ከአዲስ አበባ ተጀምሮ ፍራንክፈርትን ለመቀየሪያ ብቻ ነክቶ ወደ አሜሪካ ለሚያልፍ መንገደኛ ግን ይህ ሕግ አይደርስም፤ የትኬቱ ደንብ ነው የሚዳኘው።

ሻንጣ ካልመጣ ከአዳራሹ ሳይወጡ ያስመዝግቡ፤ «ፒ አይ አር» የሚባለውን የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተሰበረ ሻንጣ በ7 ቀን፣ የዘገየ ሻንጣ ከተረከቡት በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት ይባልበታል። 21 ቀን ሙሉ ያልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። በምድቡ ቢዝነስ መሆን የካሳውን ጣሪያ አያሳድግም፤ ለሁሉም መንገደኛ አንድ ነው። ወርቁ በእጅ ሻንጣ ይሁን ያልነው ለዚህ ነው።

መመለሻው

ሲመለሱ ታጉ «ቢ ጄ አር» ይበል፤ ይህ የባሕር ዳር ምልክት ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣውን ለጉምሩክ መቀበል ያስፈልግ እንደሆነ እዚያው ሲያስረክቡ ይጠይቁ፤ ካስፈለገም ወደ አገር ውስጥ በረራ ለማለፍ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይተዉ። ሻምፖ፣ ቅባትና ሽቶ በፌስታል ይታሰሩ፤ በዝቅተኛ ቦታ የተዘጋ ጠርሙስ ከፍታ ላይ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚያብጥ ክዳኑን ገፍቶ ያፈሳል። ከባሕር ዳር የሄደው የማር ዕቃ ግን በተቃራኒው ዋሽንግተን ሲደርስ ተጨምድዶ ይገኛል፤ አልተበላሸም፣ ክዳኑን ሲከፍቱት አየር ገብቶ ይመለሳል።